የብራሰልስ ጥቁር ድስት

ብራሰልስ ከሄዱ የቅድስት ካትሪን አደባባይን ሳያዩ አይመለሱ። የዓሣ ምግብ ቤቶች የሞሉት ይህ ሰፈር ድሮ መርከብ የሚቆምበት ወደብ ነበር። «ሙል» የሚባለውን ጥቁር ቅርፊት ያለው የባሕር ምግብ ገዝተው ባረፉበት ቤት ማብሰል ይችላሉ። ለአንድ ሰው አንድ ኪሎ በዛ አይበሉ፤ አብዛኛው ቅርፊት ነው።

ዋናው ነገር በሕይወት መኖሩ ነው። የተሰበረውን ይጣሉ። አፉን የከፈተውን መታ ያድርጉት፤ ካልገጠመ ሞቷል፣ በተለይ ልጆች ካሉ አይሳሱለት። በቧንቧ ውኃ ይጠቡት እንጂ አይዘፍዝፉት፣ ጨው የሌለው ውኃ ይገድለዋል።

ሽንኩርትና ሰለሪ በቅቤ አቁላልተው ይጨምሩትና ይክደኑት። ጨው አያስፈልግም፤ ባሕሩን ይዞ ነው የመጣው። በአምስት ደቂቃ ገደማ ይከፈታል፤ ተዘግቶ የቀረውን ይተዉት። ቤልጂየማውያን ባዶውን ቅርፊት እንደ መቆንጠጫ ይዘው ከድንች ጥብስ ጋር ይበሉታል። በእጁ መጉረስ ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም።