ዳኛው የተጠየቀው ሌላ ነበር



ባለፈው ሴሚስተር ለአንዲት እናት የተሳሳተ የምሥራች ነገርን። ዶርም አብሮን የሚኖረው ጓደኛችን ታላቅ ወንድም ካናዳ ጥገኝነት ጠይቆ ነበር፤ ተከለከለ፤ ይግባኙም ውድቅ ሆነ። ከዚያ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። አንድ ማታ ከኢሻእ በኋላ ውሳኔው በስልክ መጣ። «ማመልከቻው ተፈቅዷል» የሚለውን ስናይ ሌላውን ማን ያንብብ! ጓደኛችን ወዲያው ደሴ ደወለ። «እማዬ አብሽሪ፣ ፍርድ ቤቱ ተቀብሎታል!» እናቱ በማግስቱ ጎረቤት ጠርተው ቡና አፈሉ፣ ሰደቃ አወጡ።

እኛ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ያነበብነው ከሰደቃው በኋላ ነው።

ለካ ዳኛው «ይህ ሰው ስደተኛ ነው ወይ?» ተብሎ አልተጠየቀም። የተጠየቀው «የከለከለው ውሳኔ ምክንያታዊ ነው ወይ?» ተብሎ ነው። የሚያየው ቀድሞ የቀረበውን መዝገብ ነው፤ አዲስ ማስረጃ በአብዛኛው አይቀበልም። ያሸነፈ ሰውም መኖሪያ ፈቃድ አያገኝም፤ ጉዳዩ ሌላ ውሳኔ ሰጪ ዘንድ እንደገና እንዲታይ ይመለስለታል። መድረሳ ለተቀመጥን ሰዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም ነበር። አንድ ቃዲ የሌላውን ቃዲ ኢጅቲሃድ በራሱ ኢጅቲሃድ ብቻ እንደማይሽር፣ ግልጽ ነስ የጣሰ ከሆነ ግን እንደሚሽር ተምረናል። በግቢ ቋንቋ፣ ኮምፕሌን ብለህ ተሳካልህ፤ ግን ግሬዱ አልተቀየረም፤ ፈተናህ ለሌላ መምህር ተሰጠ ማለት ነው።

እዚያ መድረሱም ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የፍርድ ቤቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ካናዳ ውስጥ ለተሰጠ ውሳኔ ጊዜው 15 ቀን ነው። ፈቃዱ የሚወሰነው በአብዛኛው በጽሑፍ ብቻ ነው፤ ከተከለከለ ይግባኝ የለውም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1985 በሲንግ መዝገብ፣ የጠያቂው ተአማኒነት ጥያቄ ውስጥ ከገባ በቃል ሊደመጥ ይገባል ብሎ ነበር። በፈቃዱ ደረጃ ግን ያ ድምፅ የለም። እኛን ይህ ከበደን።

የዚህኛው ወንድማችን ነገር ደግሞ የመደመርና የመቀነስ ሆኖ አረፈ። ቤቱ የተፈተሸበትን ሌሊት «መስከረም 2010» ብሎ ተናግሯል። የጽሑፍ ማመልከቻውን የተረጎመለት ሰው 8 ዓመት ደምሮ 2018 አደረገው። በመስከረም የሚደመረው ግን 7 ነው፤ ስለዚህ በቃል ሲጠየቅ ትክክለኛውን 2017 አለ። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ያለውም እንዳለ 8 ሰዓት ተብሎ ተጻፈ፤ በእነሱ ሰዓት ግን 2 ነው። ቀኑም ሰዓቱም ተጋጨ፤ «አይታመንም» ተባለ። የዘመን አቆጣጠራችንን አስረድቶ ነበር፤ ውሳኔው ግን ስለ ማብራሪያው አንድ ቃል አላነሳም። ዳኛው የያዘው ይህንኑ ነው። ማብራሪያው እውነት ነው አላለም፤ ዋናውን ነጥብ ያላነሳ ውሳኔ ምክንያታዊ ሊባል አይችልም ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2019 ቫቪሎቭ በተባለው መዝገብ፣ ውሳኔ ሰጪ የቀረበለትን ዋና ክርክር በምክንያቱ ውስጥ ሊመልስ ይገባል ብሏል።

(ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነን ባዮች 7ና 8ን ለማስታረቅ አንድ ሌሊት ፈጅቶብናል፤ ይህን ለመምህራኖቻችን እንዳትነግሩብን።)

ለእናቱ ማን ይንገር? ሁለት ቀን ተገፋፋን። በመጨረሻ ከመግሪብ በኋላ አራታችንም ስልኩን ከበን ተቀመጥን፤ ጓደኛችን ጀመረ፣ አልቻለም፤ ከእኛ አንዱ ተቀበለው። «እማማ፣ አፉ ይበሉን፤ እኛ ነን የተሳሳትነው። አላባረሩትም፤ ግን ገና ነው። እንደገና ሊጠይቁት ነው።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎን «ሃሎ» አልን።

«ያንኑ ሌሊት?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው በእኛ ቁጥር ይንገራቸው በሉት» አሉ። «ወደ ራሳቸው እነሱ ይቁጠሩት።»

በዚያው ሌሊት ጻፍንለት።