የዶለዶመ ምላጭ

ለማስተማር ልምምድ ልንወጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩን በመኝታ ክፍላችን በብዛት የሚሰማው ጥያቄ ስለ ትምህርት ዕቅድ አይደለም። «ምላጭህን አውሰኝ» ነው። ነገሩ አይገርምም፤ ተማሪ ፊት የሚቆም እጩ መምህር አገጩ በሽፍታ ተሞልቶ መታየት አይወድም።

የእኔ ምላጭ ባለእጀታና ተጣጣፊ ነው። ያገኘሁት እዚሁ ሐዋሳ ፀጉር ሲያስተካክሉ ከኖሩት አጎቴ ነው። ዛሬ ብዙ ፀጉር አስተካካዮች ቀጭኑን ምላጭ ለሁለት ሰብረው መያዣው ውስጥ ይከቱና ሲጨርሱ ይጥሉታል። ጋሼ ግን አሮጌውን ብረት አልጣሉትም፤ አሳሳሉንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ብዙ ሰው ስለታም ምላጭ ይፈራል። እኔ የምፈራው የዶለዶመውን ነው። ስለታሙ ፀጉሩን ቆርጦ ያልፋል፤ የዶለዶመው ግን ይጎትታል፣ እኛም እልህ ይዞን ደጋግመን እንጫነዋለን፣ ቆዳው ይላጣል። በዚያ ላይ ጢማችን ጥቅልል ነው። አጥብቀን ከሥሩ ስንላጨው ወይም ከበቀለበት አቅጣጫ በተቃራኒ ስንሄድበት ጫፉ ታጥፎ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል። አንገት ላይ የሚወጣው እብጠት በአብዛኛው ከዚህ ነው እንጂ ሁልጊዜ ሳሙናውን መውቀስ አይገባም።

እንግዲህ አሳሳሉን ልንገራችሁ። ሞረድ አይንካው፤ ሞረድ ለካራ ነው፣ ምላጭን ይገድለዋል። ልስልስ ያለ የመሳያ ድንጋይ በውሃ ይርጠብ። የምላጩ ጀርባና ስለቱ እኩል ድንጋዩ ላይ ይተኙ፤ ከዚያ ስለቱን አስቀድማችሁ ሳትጫኑ ግፉት። ስትመልሱት በጀርባው በኩል አገላብጡት። ድንጋዩ በወራት አንዴ ይበቃል። በተላጫችሁ ቁጥር የሚያስፈልገው ግን የተወጠረ ጠፍር ነው፤ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይመላለስበት። እዚህ ላይ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ጀርባው ይቀድማል፣ ስለቱ ይከተላል። አለዚያማ ጠፍሩን ቆርጣችሁ ቁጭ ነው!

ፊት በሙቅ ውሃ ይለስልስ፣ ሳሙናው አረፋ ያውጣ፣ ቆዳው ወጠር ይበል። ምላጩን 30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ ወደ ጢሙ አቅጣጫ ውሰዱት። (ማዕዘን ለሒሳብ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው ያለው ማነው?) ሲያበቃ አጥባችሁ አድርቁት፤ ጠብታ ዘይትም ቀቡት፣ እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋልና።

ወደ ማዋሱ ስንመለስ፣ አላውስም። ንፉግ ያላችሁኝ አላችሁ፤ በሉ። የወፍ በሽታ የምንለውን ከሚያመጡት አንዱ የሆነው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ለመተላለፍም ዓይን የማያየው ደም ይበቃዋል። ታዲያ ምላጩን በቧንቧ ውሃ ለቅለቅ አድርጎ ለጓደኛ ማቀበል ምን ይሉታል? ይልቅስ የራሱን አዲስ ምላጭ ከነመያዣው ይዞ የሚመጣ ካለ፣ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ቧንቧው አጠገብ አለሁ፤ እኔው ራሴ እላጨዋለሁ።