ከጎብዬ እስከ ድሬዳዋ፤ ስለ አሮጌው የምድር ባቡር

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ቆቦ የሚሄድ መንገደኛ ሮቢት ከመድረሱ በፊት ጎብዬን ያገኛል። ከተማዪቱ ትንሽ ብትኾንም የማሽላ ገበሬ ስሟን ያውቀዋል፤ አቀንጭራን የሚቋቋም አንድ የማሽላ ዘር በእርሷ ስም ተጠርቷልና። ሕዝቧ ለብዙ ዘመን የኖረው በእርሻውና በአውራ ጎዳናው ነው።

በ2007 ዓ.ም. ግን ሌላ ተስፋ መጣ። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ በኩል በወልድያ አቅራቢያ ካለችው ከሀራ ገበያ የሚደርስ፣ ከዚያም የራያን ቆላ አቋርጦ መቀሌ የሚገባ የባቡር መንገድ ሥራ ተዠመረ። የአገሩ ወጣት ኹሉ አካፋ ይዞ ወጣ። ዳሩ ግን የራያው መስመር ሳያልቅ ቆመ፤ ከ2013 ዓ.ም. ዠምሮ የተነሣው ጦርነትም ያን አገር ክፉኛ ጐዳው። እስከ ዛሬ ድረስ በራያ ቆላ ባቡር አላፏጨም።

እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። አንድ ቀን አክስቴ ወደ ጽሕፈት ክፍሌ መጡ። የሰው ጉዳይ ይዘው የመጡ መስሎኝ ብዕሬን ባነሣ፣ «አትጻፍ፤ የራሴ ጉዳይ ነው» አሉኝ። «የመጨረሻው ልጄ በበረሃ፣ በጅቡቲ አድርጌ ወደ ዐረብ አገር እሻገራለሁ ይላል። በባቡሩ ሥራ አፈር ሲያግዝ ስለ ነበረ፣ ‹ባቡሩ እስኪመጣ ታገሥ› እያልሁ ስለምነው ዓመታት አለፉ። አንተ ተምረሃል፤ ባቡሩ ይመጣል ወይስ አይመጣም? ልጄን በውሸት አስሬው እንደ ኾነ ንገረኝ።»

በፍርድ ቤት ብዙ ጥያቄ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም። «እትዬ፣ የማላውቀውን አልነግርዎትም። ልጁን ይስጡኝና የባቡርን ነገር በዓይኑ አይቶ ይመለስ» አልኋቸው። በድሬዳዋ የባቡር ሥራ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ አጎት አሉንና።

መዠመሪያ አዲስ አበባ ላይ የቀድሞውን ጣቢያ አየን። «ለገሃር» የተባለው ጣቢያ ማለት ከኾነው የፈረንሳይ ቃል ነው። ሕንፃው የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ በፊቱ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ቆሟል። ዛሬ ግን የአሮጌው ባቡር ፉጨት አይሰማበትም። ለልጁ ታሪኩን እንዲህ ብዬ ነገርሁት።

ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ኾነ መስመሩ በቆላው በኩል አለፈ፤ በሜዳውም ላይ በመዠመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለች ከተማ ተቆረቈረች፤ እርሷም ድሬዳዋ ናት። ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀ፤ የአውሮፓ መንግሥታትም ስለ መስመሩ ተከራከሩ፤ ሐዲዱ ለብዙ ዓመታት ከዚያው ሳያልፍ ቆመ። በ1900 ዓ.ም. ለሌላ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው እንደ ገና ተነሣ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር።

ልጁ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። «እንግዲያስ የቆመ ሐዲድ ይነሣል፤ የእኛም ይመጣል» አለ። «ፍርዱ ሳይነበብ አትፍረድ» አልሁት።

ወደ ድሬዳዋ የሄድነው በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፤ እርሱ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ዠምሯል። ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጣቢያዎቹ ከየከተማው ርቀው የተሠሩ ናቸው። አሮጌው ባቡር በመታሐራ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶ፣ በአፍደም ከሰው ደጅ ይቆም ነበር፤ ሴቶች ምግብና ውሃ ይዘው በመስኮቱ ይሸጡ ነበር። ባቡሩ ሲቀር ያ ገበያ አብሮ ቀረ።

አጎታችን በድሬዳዋ፣ ዛፎቿ ጥላ በሚሰጡት በከዚራ ተቀበሉን። ሽማግሌው ስለ አሮጌው ባቡር ሲጠየቁ ሙግት እንደሚያቀርብ ሰው አንድ በአንድ አስረዱን። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የሶማሊያ ጦርነት ድልድዮች ፈረሱ። በጥር 1977 ዓ.ም. ባቡር ከአዋሽ አጠገብ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። የጭነት መኪና ጭነቱን ወሰደ፤ መለዋወጫም እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ፣ በ2000ዎቹ ዓመታት መዠመሪያ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚሄደው አሮጌ ባቡር ጸጥ አለ።

«ሐዲድ በዕድሜ ብቻ አያረጅም» አሉ አጎታችን። «ብሎኑን የሚያጠብቅ ሰው የጠፋ ዕለት ያረጃል።»

የአክስቴ ልጅ ጥቂት ዝም ብሎ፣ «አባባ፣ እንግዲህ ልጠብቅ ወይስ ልሂድ?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ባቡር ጠባቂ አልነበርሁም፤ ባቡር ጠጋኝ ነበርሁ» ብለው መለሱለት። «ባቡሩ ሲቆም እጄ አልቆመም፤ የወፍጮውን መዘውር፣ የውሃውን ፓምፕ ኹሉ ሠራሁበት። አንተ ግን አፈር ማገዝ እንጂ ሌላ አላስተማሩህም፤ ስለዚህ ሥራው ሲቆም አብረህ ቆምህ። ከዚህ ቆይ፤ ቶርኖ ላሳይህ።»

ብቻዬን ወደ ጎብዬ ተመለስሁ። አክስቴ ልጃቸውን ከእኔ ጋር ሲያጡ ደነገጡ። «ባቡሩ ይመጣል ብዬ ልምልልዎት አልችልም» አልኋቸው። «የድሬዳዋው ቆሞ ተነሥቷል፤ ተነሥቶም ደግሞ ሞቷል። ልጅዎ ግን ብረት መቅረጽ እየተማረ ነው፤ በበረሃም አልሄደም።» እርሳቸውም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «እውነቱን ካወቅሁ መጠበቁን እችለዋለሁ» አሉ። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ ደውሎ ቆሎ እንዲላክለት ለመነ፤ እናቱም ያን ዕለት ሲቆሉ አመሹ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችንን በሚመጣው ባቡር ተስፋ ብቻ አናስቀምጣቸው። ባቡሩ ቢመጣ የሚጠግነው ባለሙያ ይፈልጋል፤ ቢቀርም ባለሙያ የእጁን ሥራ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ከኹሉ አስቀድመን ለልጆቻችን የእጅ ሙያ እናስይዛቸው።