አብሮ የሚወርድ ጌታ

በአገራችን ኳስ የሚወድ ወጣት ክለብ ሲመርጥ አብዛኛውን ጊዜ ከላይ ካሉት ይመርጣል። አርሰናል፣ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ሊቨርፑል፣ ቼልሲ። ቅዳሜና እሁድ ዲኤስቲቪ የሚያሳዩ ቤቶች የሚሞሉት በእነዚህ ስሞች ነው። በእንግሊዝ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ሌሎች ብዙ እርከኖች አሉ። እዚያም በብርድና በዝናብ ቆመው፣ በየሳምንቱ ለሚሸነፍ ቡድን የሚዘምሩ ሰዎች አሉ። ዛሬ ስለ እነዚህ ደጋፊዎች ጥቂት እንድንነጋገር ወደድን። ስለ ኳስ ግድ የሌላችሁ ወገኖችም ታገሡን፤ ጉዳዩ ወደ ሁላችንም ቤት የሚገባ ነው።

የመጨረሻዋ ደቂቃ

ካርላይል በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከስኮትላንድ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ክለቧ ካርላይል ዩናይትድ በ1974 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ከፍተኛው ሊግ ወጣ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸንፎም የደረጃ ሰንጠረዡ አናት ላይ ተቀመጠ። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ግን የመጨረሻ ሆኖ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ከፍታ ተመልሶ አያውቅም።

ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ ይኸው ክለብ በአራተኛው እርከን ግርጌ ላይ ነበር። ከዚያ የሚወርደው አንድ ቡድን ብቻ ሲሆን፣ መውረድ ማለት ከ1928 ጀምሮ ከነበረበት ሊግ ጨርሶ መውጣት ማለት ነበር። ደጋፊው ተቆጥቷል። የውድድር ዘመኑ ሊያልቅ ሲል ዋናው በረኛ ተሸጠ። በእርሱ ፈንታ በውሰት የመጣውንም ባለቤት ክለቡ መልሶ ወሰደው። የዝውውር ጊዜው ስላለፈ፣ በልዩ ፈቃድ ጂሚ ግላስ የሚባል በረኛ ከስዊንደን በውሰት መጣ።

ግንቦት 8 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. የመጨረሻው ጨዋታ ከፕሊማውዝ ጋር ነበር። ካርላይል ካላሸነፈ ይወርዳል። ዘጠና ደቂቃው አልቆ ውጤቱ 1 ለ 1 ነው። በባከነው ሰዓት ጭማሪ ውስጥ፣ ሊያበቃ ሰከንዶች ሲቀሩ የማዕዘን ምት ተገኘ። በረኛው ግላስ የራሱን ግብ ባዶ ትቶ ሜዳውን አቋርጦ ሮጠ። በጭንቅላት የተመታውን ኳስ የፕሊማውዝ በረኛ ሲመልሰው እግሩ ሥር ወደቀለት፤ መታው፤ ገባ። ካርላይል ተረፈ። ሕዝቡ ሜዳውን አጥለቀለቀው።

ይህን የመሰለ ታሪክ በጉባኤያችን ብንሰማው አሜን እንላለን። «በመጨረሻዋ ደቂቃ ጌታ ደረሰልኝ» የሚል ምስክርነት ያንጸናል፤ ደግሞም ጌታ በእውነት የሚደርስ አምላክ ነው። ነገር ግን የዚያን ቀን ሌላ ሜዳም ነበረ። የስካርቦሮ ክለብ ጨዋታውን ቀድሞ በአቻ ጨርሶ፣ ደጋፊዎቹ መትረፋቸውን አምነው ደስ ብሏቸው ነበር። ከካርላይል የመጣው ወሬ ያን ደስታ ወደ እንባ ለወጠው፤ የወረዱት እነርሱ ሆኑ። ያ ክለብ በ2007 በዕዳ ምክንያት ፈረሰ።

የካርላይልስ ተአምር? ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ ካርላይል ያን ጊዜ ካመለጠው ነገር አላመለጠም፤ ወረደ። በዓመቱ ተመለሰ። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ፣ አዳዲስ ባለቤቶች ገንዘብ አፍስሰውበት እንኳ፣ በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ሁለት ጊዜ ወረደ።

የ1999ኙ ጎል ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን የነገሩ ፍጻሜ አልነበረም። አልዓዛርም ከመቃብር ወጥቷል (ዮሐ. 11)፤ ሆኖም እንደ ማንኛውም ሰው ሌላ ቀን መሞቱ አልቀረም። የመጨረሻዋ ደቂቃ ተአምር የጌታን ማንነት ያሳየናል እንጂ ከእንግዲህ እንዳንወርድ ዋስትና አይሰጠንም። እምነታችንን በተአምሩ ላይ ብቻ ከሠራነው፣ ተአምሩ ያልመጣላቸው ስካርቦሮዎች በመካከላችን መቀመጫ አይኖራቸውም።

ቁጣው ከየት ይመጣል?

ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን ደጋፊ ብስጭት ቀላል አይደለም። በ2024-25 ካርላይል በአንድ የውድድር ዘመን ሦስት አሰልጣኞች ተፈራረቁበት። ከተማዋ ከብዙ ተጋጣሚዎቿ የራቀች ናት፤ ለንደን አካባቢ ለሚደረግ ጨዋታ ደጋፊው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ተሸንፎ በሌሊት ያንኑ መንገድ ይመለሳል። ያፏጫል፣ ይጮኻል፣ ባለቤቶቹን ይወቅሳል፣ «ሁለተኛ እግሬን አላነሣም» ይላል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ከሰንጠረዡ ግርጌ ያለውን ቡድን ለማየት በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደገና ሜዳ ይገባል።

ይህ ሰው የሚቆጣው ክለቡ የእርሱ ስለሆነ ነው። ንግግሩን ልብ እንበል። ቡድኑ ሲያሸንፍ «አሸነፍን»፣ ሲሸነፍ «ተሸነፉ» የሚል ደጋፊ አለ። እውነተኛው ደጋፊ ግን «ወረድን» ይላል። ከዚህች ቃል ለማምለጥ ሲል ክለብ አይቀይርም።

መጽሐፍ ቅዱስም እንዲህ ዓይነት ብስጭት ያውቃል። መዝሙር 13 ላይ ዳዊት እግዚአብሔርን «እስከ መቼ?» እያለ ደጋግሞ ይሞግታል። ዕንባቆም ይጮኻል፤ ኤርምያስ ይከራከራል። ከእነዚህ ማንም ስለ ጩኸቱ እምነት የለሽ አልተባለም። የሚያሳስበው ጩኸቱ ሲቆም ነው። ወደ ጌታ የሚጮኽ ሰው ገና ፊቱ ወደ ጌታ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ጸሎታችሁ ሁሉ ክርክር የሆነባችሁ ወገኖች፣ ከመንገድ የወጣችሁ አይምሰላችሁ። ክርክራችሁን ይዛችሁ ወደ ፊቱ ግቡ።

ሁለት ዓይነት ትኬት

አንድን ጨዋታ ሁለት ዓይነት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ያዩታል። ወጣቶቻችንን እየበላ ያለውን ቤቲንግ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤቲንግ ቤት ገብቶ ትኬት የቆረጠው ሰው ቡድኑን አይወድም፤ የሚወደው ውጤቱን ነው። ዛሬ ለዚህ ይጮኻል፣ ነገ በዚያ ላይ ያስይዛል። ከተሸነፈ ትኬቱን ቀዶ ይጥላል። ደጋፊውም ትኬት አለው። ክለቡ በወረደ ማግስት የሚቀጥለውን ዓመት ሙሉ መግቢያ ይገዛል። የእርሱ ትኬት «ምንም ቢሆን እመጣለሁ» የሚል ቃል ነው።

ኤርምያስ እንዲህ ያለ ግዢ ገዝቷል። ኢየሩሳሌም በባቢሎን ሠራዊት ተከብባ፣ እርሱ ራሱ በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ በዓናቶት ያለውን መሬት በአሥራ ሰባት ሰቅል ብር ገዛ፤ ውሉንም አትሞ በሸክላ ዕቃ አኖረው (ኤር. 32)። ከተማይቱ እንደምትወድቅ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ ያን ትንቢት የተናገረው ራሱ ነው። ሆኖም የቃሉ ባለቤት የታመነ ነውና ገንዘቡን መዝኖ ከፈለ።

እኛስ በጌታ ፊት የያዝነው የትኛውን ትኬት ነው? ጾማችንና አሥራታችን፣ የሌሊት ጸሎታችን ውጤት የምናስይዝበት ከሆነ፣ ውጤቱ በተበላሸ ቀን ቀደን መጣላችን አይቀርም። ጌታን ስለ ራሱ ከወደድነው ግን ውጤቱ ቢያስለቅሰንም ከእርሱ አያለያየንም።

መውረድ የማይታሰብበት ስብከት

በብዙ መድረኮቻችን የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ ከፍታ። ዓመቱ ሲለወጥ «የከፍታ ዘመንህ ነው» ይባላል። ራስ እንጂ ጅራት እንደማንሆን የሚናገረው የዘዳግም 28 ተስፋ ከነአውዱ ሳይነበብ በየግድግዳው ይለጠፋል። እግዚአብሔር ከፍ ያደርጋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ሥራውን ያጣው ወንድም፣ ትዳሯ የፈረሰባት እህት፣ ልጁ በሱስ የተያዘበት አባት ይህን ስብከት ሲሰሙ የት ይቀመጡ? ከጉባኤ የቀሩ ወገኖችን በየቤታቸው ስንጠይቅ ደጋግመን የምንሰማው መልስ «የምመሰክረው የለኝም» የሚል ነው። ሲወጡ የተጨበጨበላቸው ሰዎች ሲወርዱ እንግዳ የሆኑ ይመስላቸዋል።

አማርኛችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ስለ ክለብ የምንለውን «ወረደ» የሚለውን ቃል ስለ ጌታችንም እንላለን። ከሰማይ ወረደ።

ያዕቆብን እናስብ። ዕድሜው 130 ደርሷል። ከተስፋይቱ ምድር ወጥቶ ወደ ግብፅ ሊወርድ ነው። ራብ ነው የሚያስወርደው። ቤርሳቤህ ላይ ቆሞ ይፈራል። እግዚአብሔር በሌሊት ራእይ ሲገለጥለት ራቡን ዛሬ አቆማለሁ፣ መውረድህን አስቀራለሁ አላለውም። አብሮት ወደ ግብፅ እንደሚወርድ፣ ከዚያም እንደሚያወጣው ነገረው (ዘፍ. 46፥3-4)። ልጁ ዮሴፍም አስቀድሞ ወርዶ ነበር፤ ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ግብፅ፣ ወደ ወህኒ ቤት። በባርነቱም በእስር ቤቱም ግን መጽሐፍ የሚነግረን እግዚአብሔር ከዮሴፍ ጋር እንደ ነበረ ነው (ዘፍ. 39)።

ልብ እንበል፤ ያዕቆብ ወደ ከነዓን የተመለሰው በሕይወት ሳለ አይደለም። ልጆቹ ሬሳውን ተሸክመው አወጡት (ዘፍ. 50፥13)። የተስፋው መፈጸም ከእርሱ ዕድሜ ይረዝም ነበር። የወረደው ሁሉ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል ብለን ለማንም ቃል መግባት አንችልም። እግዚአብሔር የገባው ቃል ግን አለ፤ በምንወርድበት ሁሉ እርሱ አብሮን ነው፤ በሲኦል እንኳ ብንተኛ ከዚያ አይታጣም (መዝ. 139፥8)።

ይህ ሁሉ በክርስቶስ ተፈጸመ። በእግዚአብሔር መልክ ሳለ ራሱን ባዶ አደረገ፤ የባሪያን መልክ ያዘ፤ እስከ መስቀል ሞት ድረስ ታዘዘ (ፊልጵ. 2፥6-8)። መድኃኒታችን ከላይ ሆኖ ብቻ ያዘነልን አይደለም። የሰንጠረዣችን ግርጌ ድረስ መጥቶ «ወረድን» ከሚሉት ጋር ተቆጠረ። የወረደውም ከሰማያት ሁሉ በላይ የወጣው ነው (ኤፌ. 4፥10)። ደጋፊ ክለቡን ቢወድም ሊያወጣው አይችልም፤ ጩኸቱ ጎል አያስቆጥርም። ጌታ ግን ወደን ወረደ፤ ሊያወጣንም ኃይል አለው። ስለዚህ ልባችንን ለኳስ ውጤት አሳልፈን አንስጥ፤ ክለብ ይፈርሳል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የስካርቦሮ ደጋፊዎች ክለባቸው በፈረሰበት በዚያው ዓመት ተሰብስበው አዲስ ክለብ መሠረቱ። ሜዳ ስላልነበራቸው አሥር ዓመት ያህል በጎረቤት ከተማ ተጫወቱ። ወደ ከተማቸው የተመለሱት በ2017 ነው። ለኳስ እንዲህ የሚታገሥ ሰው ካለ፣ ክርስቶስ በደሙ ለዋጀው ወንድም አሥር ዓመት መታገሥ ይከብደናልን?

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ከወረደ በኋላ ከመካከላችን የጠፋ አንድ ሰው በስም እናስብ። እንደውልለት፤ ቤቱም እንሂድ። መቼ እንደሚነሣ ትንቢት አንናገርለት። ለምን እንደ ወረደም አንመርምረው፤ የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት ሰባት ቀን ዝም ብለው አብረውት በተቀመጡ ጊዜ ነበር (ኢዮ. 2፥13)። ቡና ይፈላ፤ ሻይ እንጠጣ፤ አብረን እንጸልይ። ስለ እርሱም ስንናገር «እርሱ ወደቀ» ከማለት ይልቅ፣ የአንድ አካል ብልቶች ነንና፣ «ወንድማችን ታሞብናል፤ እኛም ታመናል» እንበል (1ቆሮ. 12፥26)።

ገና ወደ ጌታ ያልመጣችሁና ይህን የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ ምናልባት «ነገሬ ሲስተካከል እመጣለሁ» እያላችሁ ይሆናል። እርሱ እስክትወጡ አልጠበቀም። ወዳላችሁበት ወርዷልና ካላችሁበት ጥሩት።

ጌታ ሆይ፣ በከፍታችን ቀን እንዳንረሳህ፣ በወረድንበትም ቀን የተለየኸን እንዳይመስለን እርዳን። ከወረዱት ጋር መውረድን አስተምረን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።