ቆሎ የተጠቀለለበት ወረቀት

ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ሐሙስ ማታ ከጸሎት ስብሰባ ወጥቼ ወደ ታክሲ ስሄድ መንገድ ዳር ከሚቀመጡ አንዲት እናት ቆሎ ገዛሁ። እንደ ልማዳቸው ወረቀቱን እንደ ቀንድ ጠቅልለው፣ ሞልተው፣ ትንሽ መርቀው ሰጡኝ። ታክሲ ውስጥ እየቆረጠምኩ ሄድኩ። አልቆ ወረቀቱን ልጨመድደው ስል ጥግ ላይ የራሴን ስም አየሁ።

ዘርግቼ አነበብኩት። እሑድ ዕለት በጸሎት ቤታችን ወንበሮች ላይ ያስቀመጥነው ጽሑፍ ነበር። ርእሱ «የጽድቅ ትምህርት በሮሜ መልእክት፤ ክፍል አራት» ይላል። ሦስት ሌሊት ለፍቼበታለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አይታኝ እንደሆነ ብዬ ወረቀቱን እንደ ሰረቀ ሰው አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በዚህ ሰሞን የጽሑፍ አገልግሎት የጀመራችሁ ወጣቶች «ፓስተር፣ የሚያነብልን ሰው አጣን፤ የጀመረውም ሁለተኛ አይመለስም» እያላችሁ ስለምትጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት። በየሳምንቱ መቶ ቅጂ እናባዛ ነበር። ከአምልኮ በኋላ ብዙው ወንበር ሥር ይቀራል። የጥበቃው ልጅ ይሰበስበዋል። ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ አሁን አወቅሁ።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። ራሴንም ለማጽናናት «ኤርምያስም እኮ ጥቅልሉ በእሳት ተቃጥሎበታል» አልኳት። ባለቤቴ መጽሐፍ ቅዱሷን ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ ነው የምታነበው። «ንጉሡ እኮ ሦስት አራት ዓምድ ተነብቦለት ነው የቀደደው። ያንተን ማን አነበበው?» አለችኝ። ምዕራፍ 36ን ከፍቼ አየሁት፤ እውነቷን ነው።

በማግሥቱ ወደ እኚያ እናት ሄድኩ። ወረቀቱን ከየት እንደሚያገኙት ጠየቅኳቸው። «ዘበኛው ልጅ ነው የሚያመጣልኝ። ደህና ወረቀት ነው ልጄ፣ ቶሎ አይቀደድም» አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጨመሩልኝ። እርሳቸው ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጃቸው ግን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ማታ ማታ ከመጠቅለላቸው በፊት የመጣውን ወረቀት ሁሉ ያነብላቸዋል። የመድኃኒት ማዘዣ፣ የትምህርት ቤት ፈተና፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ ምንም ቢሆን። «ይኼኛውን ግን ጀምሮ ይተወዋል» አሉኝ። የጻፍኩት እኔ መሆኔን አላወቁም። እኔም አልነገርኳቸውም።

የጨረታ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው ይነበባል፤ የእኔ ጽሑፍ ይተዋል። ቅዱሳን፣ ይህን ይዞ ለጸሎት መንበርከክ ቀላል አይደለም።

በነገረ መለኮት ኮሌጅ አራት ዓመት ስንጽፍ የጻፍነው ለአንድ ሰው ነው፤ ለመምህራችን። መምህር ደግሞ ቢሰለችም እስከ መጨረሻው ያነባል፣ ማርክ መስጠት አለበትና። መጀመሪያ ቃሉን ትተረጉማለህ፣ ቀጥሎ የግሪኩን ሥር ታመጣለህ፣ ቀጥሎ ሊቃውንት ያሉትን ትደረድራለህ፣ በገጹ መጨረሻ ላይ ጉዳዩ ይመጣል። ይህን አልንቅም፤ በዚያ ትምህርት ዛሬም እኖራለሁ። ግን ሳላስበው ጸሎት ቤታችን ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ መምህሬ አድርጌያቸው ነበር። የሁለት ልጆች እናት፣ ሌሊት የሚሠራ ሾፌር፣ ቤት ኪራይ የተጨመረበት ሰው፣ ሁሉም ወረቀቴን አርመው ማርክ እንዲሰጡኝ እጠብቃለሁ። ክፍል አራትን ክፍል አንድን ላላነበበ ሰው ወንበር ላይ ማስቀመጥ ራሱ ምን ዓይነት ማሰብ ነው? (ክፍል አምስት እስከ ዛሬ አልተጻፈም። የጠየቀኝም የለም።)

ያኔ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየቤቱ ተደብቀን የምንሰበሰብበት ዘመን ነበር። ታላቅ እህቴ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱን በደብተር ወረቀት ላይ ከሥሩ ካርቦን አድርጋ ትገለብጥ ነበር። ሦስተኛው ቅጂ ደብዛዛ ነው፤ ለእኔ የሚደርሰኝ እርሱ ነው። በኩራዝ ብርሃን ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነብ ነበር። ወረቀቱ በመሶብ ሥር ሆኖ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ቆሎ ሊጠቀለልበት ቀርቶ ጠርዙ እንዲታጠፍ የሚፈቅድ የለም። ብዙ ጊዜ ይህን ሳስታውስ «ያኔ ረሃብ ነበረ፣ የዛሬ ሰው ጠግቧል» እል ነበር። ይህ ግን ሰበብ ነው። እነዚያን ጥናቶች ያዘጋጅ የነበረው ወንድም በዚያች ክፍል ውስጥ ዘጠኝ ሰው እንዳለ ያውቃል። የማን ባል እንደታሰረ፣ የማን ልጅ ብሔራዊ ውትድርና እንደተወሰደ ያውቃል። ስለ ጳውሎስ እስራት ሲጽፍ ባሏ ለታሰረባት ሴት ነው የሚጽፈው። እኔ ግን ለማንም አልጻፍኩም ነበር።

ሉቃስ ወንጌሉን የጀመረው በአንድ ሰው ስም ነው፤ ለቴዎፍሎስ (ሉቃስ 1፥1-4)። ያን ያህል ታሪክ፣ በጥንቃቄ የተመረመረ፣ በተራ የተጻፈ፣ ፊቱ ግን ወደ አንድ ሰው ነው። ለፊልሞና የተላከው መልእክት 25 ቁጥር ብቻ ነው፤ እርሱም ስለ አንድ ባሪያ ነው።

ስለ ሉተርም ላንሳ፤ ይህን ታሪክ ኮሌጅ ተምሬው ሳልረዳው የቀረሁት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1517 የጻፋቸው 95 ነጥቦች በላቲን ነበሩ፤ ለሊቃውንት ክርክር ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት በ1518 ስለዚያው ስለ ይቅርታ ደብዳቤ ሽያጭ በጀርመንኛ ጻፈ። 20 አጫጭር ነጥቦች፣ አንድ ወረቀት ታጥፎ የሚይዛቸው ጥቂት ገጾች። ጉዳዩ አልተለወጠም። ላቲን የማያውቀው ሰው ግን ቁጭ ብሎ በአጭር ጊዜ ሊጨርሰው ይችላል፤ አታሚዎቹም ደጋግመው አተሙት። ኋላ ላይ በ1530 ስለ ትርጉም ሥራው ሲከራከር፣ ሰው እንዴት እንደሚናገር ለማወቅ በቤት ያለችውን እናት፣ በመንገድ ያሉትን ልጆች፣ በገበያ ያለውን ተራ ሰው መጠየቅ ይገባል የሚል ሐሳብ ጽፏል። እናት፣ ልጅ፣ ገበያ። ይህን ድጋሚ ሳነብ እኔን ጌታ በገበያ ካሉ እናትና ከልጅ ልጃቸው ጋር እንዳገናኘኝ አሰብኩና ሳቅኩ።

ስለዚህ ያደረግኩት ይህ ነው። በሚቀጥለው ሐሙስ የጻፍኩትን ይዤ ሄድኩና ለልጁ ሰጠሁት። «አንብብላቸው፤ የምትተውበት ቦታ ላይ በእርሳስ አስምርልኝ» አልኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ሦስተኛው መስመር ላይ አሰመረ። «ምን ሆንክ?» ስለው «እዚህ ጋ እርስዎ ለሌላ ሰው ማውራት ጀመሩ» አለኝ። በሆሚሌቲክስ ክፍል እንዲህ ያለ እርማት ደርሶኝ አያውቅም። ሁለት ገጹን ወደ ግማሽ ገጽ አወረድኩት። በአንድ ወረቀት አንድ ክፍል፣ አንድ ሐሳብ። መግቢያውን አወጣሁትና ሰዉ ያለበትን ነገር ፊት አመጣሁ፤ ሰርግ ላይ ስለሚገባ ዕዳ፣ አማት ቤት ስለ መኖር፣ ጸልየንለት ስለ ሞተ ሕፃን። በሦስተኛው ወር ልጁ ማስመሩን ተወ። ወንበር ሥር የሚቀረውም እየቀነሰ መጣ። የጥበቃው ልጅ ለእማማ የሚያመጣላቸው ወረቀት እንዳነሰ ነግረውኛል፤ ይህን ቅሬታ በደስታ ተቀበልኩ።

ሰው መጥቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። ስፐርጀን ስብከቱን በየሳምንቱ ማሳተም የጀመረው በ1855 ነው። እሑድ የሰበከው ተጽፎ ይቀርብለታል፣ ሰኞ ያርመዋል፣ በአንድ ሳንቲም ይሸጣል። በ1892 ከሞተ በኋላ እንኳ ካልታተሙት እየተወሰደ እስከ 1917 ቀጥሎ፣ ያስቆመው በጦርነቱ የመጣ የወረቀት እጥረት ነው። እኔ ደግሞ በሁለት ለቅሶና በአንድ ጉንፋን ምክንያት ሁለት ሳምንት ዘለልኩ። ማንም ልብ አይለውም ብዬ ነበር። አንድ ወንድም መጥቶ ስልኩን አሳየኝ። ለካ ወረቀቱን በየሳምንቱ ፎቶ እያነሳ ኩዌት ሰው ቤት ለምትሠራ እህቱ ይልካል። የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ ነው ስልኳን የምትይዘው። «ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ፓስተር አመማቸው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው ባጣ አንድ መዝሙር ጠቅሼ፣ ለምን እንደምወደው በአምስት መስመር ጽፌም ቢሆን አወጣለሁ። መዝሙረ ዳዊትን ማለቴ ነው።

እስከዚህ ያለውን ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩት። የሚቀጥለውን ግን ካላካተትኩት ዋሽቻችኋለሁ።

አንባቢ ሲመጣ ወደድኩት። እሑድ ጠዋት መድረክ ላይ ተቀምጬ ማን እያነበበ እንደሆነ በዓይኔ እቆጥር ነበር፤ ኳየሩ እየዘመረ። የትኛው ጽሑፍ እንደሚያዝም ገባኝ። የሰው ታሪክ ያለበት ይያዛል። የቆሰለ ሰው ታሪክ ደግሞ ይበልጥ። በዚያን ሰሞን አንድ ወንድም ለምክር ቢሮዬ መጥቶ ነበር። የደረሰውን የዕቁብ ብር ውርርድ ቤት ጨርሶታል። ለሚስቱ ዕቁቡ ገና አልደረሰኝም ብሏታል። አልቅሶ ነገረኝ፣ አብረን ጸለይን፣ ቀስ ብሎ እንዲነግራት ተስማማን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለ ገንዘብ ስጽፍ የእርሱን ታሪክ «አንድ ወንድም» ብዬ አስገባሁት። ሥራውን ለወጥኩ፣ ሰፈሩን ለወጥኩ። በቂ መሰለኝ። ዕቁቡን ግን ተውኩት፤ ጽሑፉን የሚያሳምረው እርሱ ነበርና።

ያ ወረቀት ከጻፍኳቸው ሁሉ በብዙ የተነበበው ነው። በቴሌግራም ሌሎች ጸሎት ቤቶች ድረስ ሄደ። «ፓስተር፣ እንዴት ያለ ጸጋ ነው» የሚሉኝ በዙ። እሑድ ዕለት ሚስቱ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣ አነበበችው። ከመድረክ አየኋት። አንዴ አነበበች፣ ድጋሚ ከላይ ጀመረች፣ ከዚያ ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ባሏ ዞረች። እርሱ ግን የተመለከተው እኔን ነው።

የምትነግሩኝን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ያ ሰው ለእግዚአብሔር ያለው ለእኔ ነበር የተናገረው፤ እኔ ደግሞ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ለሽማግሌዎች ተናዘዝኩ። ሁለት ወር አልጻፍኩም። ቤታቸው ሄድኩ፤ እርሷ አስገባችኝ፣ እርሱ ከጓዳ አልወጣም። በጉባኤ ፊት ቆሜ ይቅርታ ልጠይቅ ብል ደግሞ ያላወቀው ሁሉ ማን እንደሆነ ሊፈልግ ነው። ንስሐዬን እንኳ በአደባባይ ማድረግ አልቻልኩም። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። በአራተኛው ከጓዳ ወጥቶ ቡና አብሮን ጠጣ፤ ብዙም አልተናገረም። ሁለቱ አልተለያዩም፤ ያንን ያደረገው የእኔ ጥበብ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እርሱ ወደ ሌላ አጥቢያ ሄዷል። እርሷ እኛው ጋር ናት፣ ግን ወንበሯ ላይ ያለውን ወረቀት ሳታነብ አጥፋ ታስቀምጠዋለች።

ታዲያ ዛሬ ይህንኑ ታሪክ እንደገና ጻፍክ ትሉኝ ይሆናል። ባለፈው ወር ቤታቸው ሄጄ ይህን ጽሑፍ በሁለቱ ፊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ምን እንደሚለወጥ፣ ምን እንደሚቀር የወሰኑት እነርሱ ናቸው። እርሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጣኝ። አንደኛው እኔ በጣም የምወደው ነበር። እርሷ ደግሞ «ዕቁቡ ይቆይ» አለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ከእነርሱ ፈቃድ በኋላ ለልጁም ሰጥቼዋለሁ። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብቷል፤ ድምፁ ጎርንኗል። ለአያቱ አነበበላቸው። እማማ ሲያዳምጡ ቆዩና «ይኼ ፓስተር የምትሉት አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ልጁ እርሳሱን አውጥቶ ስለ ሉተር የሚለው ላይ አሰመረበት። «ይኼ ረዝሟል» አለኝ።

አላሳጠርኩትም።