የጓሮ በር

በምዕራብ ሸዋ ደጋ፣ በጀልዱ ወረዳ፣ ጎጆ የምትባል ከተማ አለች። ስሟ በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው፤ ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ የሆነ ክብ ቤት። ስለ ጎጆ ቤት ብዙ ተብሏል፤ ስለ ምሰሶው፣ ስለ ጉልላቱ፣ ስለ ምድጃው። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን የበሩ አንድ መሆን ነው። የገባ ሁሉ በዚያው ይገባል፤ የወጣም በዚያው ይወጣል። እንግዳም ይምጣ ጥጃ፣ እሳት ዳር ከተቀመጠችው እናት ዓይን ተሰውሮ የሚያልፍ የለም። የጓሮ በር የመጣው በኋላ ነው፤ ቤቱ ባለ ማዕዘን፣ ክፍሉም ብዙ ሲሆን። ቋንቋችን ግን ነገሩን ለመረዳት አልዘገየም። ሥራው በማስታወቂያ ሳይሆን በዝምድና ሲገኝ፣ ጨረታው ሳይከፈት አሸናፊው ሲታወቅ፣ «በጓሮ በር ነው» እንላለን።

የኮምፒዩተር ሰዎችም ከተንኮለኛ ፕሮግራሞች ሁሉ ዝምተኛውን ሲሰይሙት ከዚህ የተሻለ ስም አላገኙም። የጓሮ በር አሉት። ይህ ፕሮግራም እንደ ድሮው ቫይረስ ፋይል አይበላም፤ ስክሪን አያጨልምም፤ መግባቱን በፉከራ አያውጅም። ባለቤቱ በፊት ለፊት፣ በይለፍ ቃሉ ገብቶ ደብዳቤውን ሲጽፍ፣ እርሱ በጓሮ በኩል ጌታውን ያስገባል። ጌታው ጎረቤት ይሁን ባሕር ማዶ ለውጥ የለውም። ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ፊደል ይመዘገባል፤ ማይክሮፎኑ ይሰማል፤ ካሜራው ያያል፤ ፋይሉ ይገለበጣል። ባለቤቱ ግን በገዛ ቤቱ ብቻውን ያለ ይመስለዋል።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ነገር በር ሰብሮ የሚገባ ይመስለዋል። በእርግጥ ሳይጠገን የቀረ የፕሮግራም ስንጥቅ ሲያገኝ ማንንም ሳያስፈቅድ ሾልኮ የሚገባበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ግን በሩን የምንከፍትለት እኛው ነን። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የአምቦን የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች መጎብኘት ይበቃል። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ያ ፍላሽ በዕለቱ ስንትና ስንት ፍላሽ በተፈራረቀበት ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል፤ ተመልሶም ቤት ይገባል። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለ ቤት ወረፋ ስጠብቅ፣ በዕድሜ የገፉ መምህር ፍላሻቸው ሲከፈት ደንግጠው ሲናገሩ ሰማሁ። የዓመታት ማስታወሻቸው የነበረበት ፎልደር ሁሉ ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት በቅሎበታል። ወጣቱ ባለሙያ ግን አልደነገጠም።

«ጋሼ፣ ፋይልዎ አልጠፋም፤ ደብቆት ነው። ይህ ፎልደር የሚመስለው ራሱ ቫይረሱ ነው፤ እንዳይነኩት» አላቸው።

ከዚህ አጭር ንግግር የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። የእኛን ነገር ደብቆ፣ የእኛን ነገር መስሎ መቅረብ፤ የጥበቡ ሁሉ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አንዴ ከገባ በኋላ የሚያደርገው ደግሞ ከዚህ አያንስም። ኮምፒዩተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሣ በሚነሡት ፕሮግራሞች ተርታ ይሰለፋል፤ ስሙንም ከታወቀ ፕሮግራም ስም ጋር ያመሳስላል። ቀጥሎም ወደ ውጭ ይደውላል። ፋየርዎል የሚባለው ዘበኛ ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን እምብዛም አይጠይቅም፤ ከቤት የወጣ ሁሉ ቤተሰብ ይመስለዋል። ጸረ ቫይረሱም አጥብቆ የሚያውቀው ከዚህ በፊት የታየውን ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ የተጠመደውን ወጥመድ ሲያገኘው፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

እስከዚህ ያልኩት ከየትኛውም አገር ሌባ ጋር የሚስማማ ነው። እኛን የሚለየን ታሪክ ግን ከሌብነት ያለፈ ነው።

በመጋቢት 2005 በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለ የምርምር ተቋም፣ ለመንግሥታት ስለሚሸጥ ፊንስፓይ ስለተባለ ሰላይ ፕሮግራም አንድ ዘገባ አወጣ። ከመረመራቸው ናሙናዎች አንዱ የግንቦት 7 አባላትን ፎቶግራፍ ማጥመጃ ያደረገ ነበር። የተጠመደበት ሰው ፋይሉን ሲከፍት ፎቶውን በእርግጥ ያያል፤ ከፎቶው ኋላ የገባውን ግን አያይም። በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊም በኮምፒዩተሩ ላይ የዚሁ ፕሮግራም አሻራ ተገኘበት። ማንነቱን ለመጠበቅ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም የቀረበው ይህ ሰው፣ ፕሮግራሙ የገባበት የሚያውቀው ሰው ባስተላለፈለት ኢሜይል ላይ በተያያዘ ሰነድ ነበር። የስካይፕ ንግግሩና ኢሜይሉ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ ለታሪክ ትምህርት የቤት ሥራ በኢንተርኔት የፈለገው ጭምር መቀዳቱን ክሱ ይዘረዝራል። የኢትዮጵያን መንግሥት በየካቲት 2006 ከሰሰ። የዋሽንግተን የይግባኝ ፍርድ ቤት በመጋቢት 5 ቀን 2009 በሰጠው ውሳኔ ክሱን አልቀበልም አለ። ምክንያቱም ባዕድ መንግሥትን በአሜሪካ ለመክሰስ በደሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር የተፈጸመ መሆን ነበረበት፤ ይህ በደል ደግሞ የታሰበውና የተመራው ከውጭ ነው ተባለ። ክንዱ ባሕር ተሻግሮ ሳሎን ድረስ የገባ፣ እግሩ ግን ደጅ ስለቀረ ያልገባ ሌባ ማለት ነው።

ይህ ብቻም አልነበረም። በታኅሣሥ 11 ቀን 2006፣ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ፣ በኢሳት ሁለት ሠራተኞች ላይ ሦስት ሙከራ መደረጉን ያው ተቋም አረጋገጠ። ፕሮግራሙ ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣልያን ኩባንያ ሥራ ነበር። በዋሽንግተን የነበረው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ነገሩን አስተባበለ። በ2007 ክረምት ግን የኩባንያው የራሱ ጓዳ ተሰብሮ ደብዳቤዎቹ አደባባይ ሲወጡ፣ ከኢትዮጵያው የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ያደረገው የደብዳቤ ልውውጥ አብሮ ተገኘ።

ከሁሉ ይልቅ ወደዚህ ወደ ምዕራብ ሸዋ የሚጠጋው ሦስተኛው ታሪክ ነው። በኅዳር 2 ቀን 2008 በአዲስ አበባና በአምቦ መካከል ባለችው በጊንጪ የተማሪዎች ተቃውሞ ተነሣ፤ ከዚያም ኦሮሚያን አዳረሰ። በመስከረም 22 ቀን 2009 በቢሾፍቱ በኢሬቻ በዓል ላይ ብዙ ሰው ሞተ። በሁለተኛው ቀን፣ ያን ጊዜ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ኃላፊ ለነበሩት ለአቶ ጃዋር መሐመድ አንድ ኢሜይል ደረሳቸው። ስለ አንድ ቪዲዮ ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቅ ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር ካስፈለገም ማውረጃው ይኸው ይላል። እርሳቸው መልእክቱን ለተመራማሪዎቹ አስተላለፉት። ማውረጃው የጓሮ በር ሆኖ ተገኘ፤ ሠሪውም ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ነበር። ሲቲዝን ላብ በኅዳር 27 ቀን 2010 ባወጣው ዘገባ ተመሳሳይ መልእክት በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች ላሉ ኢትዮጵያውያን መላኩን ገልጾ፣ ሥራውን ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር አያያዘው። የሚያስገርመው ደግሞ ነገሩ የታወቀበት መንገድ ነው፤ ሰላዮቹ የተበከሉትን ኮምፒዩተሮች አድራሻ የሚመዘግብበትን የራሳቸውን መዝገብ በኢንተርኔት ላይ ክፍት ትተውት ነበር። በ20 አገሮች የነበሩ ተጠቂዎች የታወቁት በዚሁ ነው።

እነዚህን ሦስት ታሪኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚከነክነኝ ማሽኑ አይደለም፤ ማጥመጃው ነው። ዓሣ አጥማጅ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ዓሣው የሚወደውን ነው። ለእኛ የተሰካልን ገንዘብ አልነበረም፤ የሎተሪ ዕጣም አልነበረም። የአገር ወሬ ነበር። የወገን ፎቶግራፍ፣ ከሚያውቁት ሰው የተላለፈ ሰነድ፣ ስለ አገር የሚያወራ ቪዲዮ። በሚኒሶታ ሌሊት ተቀምጦ የጊንጪን ዜና የሚጠብቅ ሰው፣ እናቱ ደኅና መሆኗን በስልክ ማረጋገጥ ያልቻለ ሰው፣ ቪዲዮ መጣልህ ሲሉት ምን ያደርጋል? ይከፍታል። የሚከፍተው ሞኝ ስለሆነ አይደለም፤ ስለሚወድ ነው። የጓሮው በር የተቀደደው በግድግዳው ድካም ሳይሆን በናፍቆቱ በኩል ነው። የዚህን ሥራ ክፋት የምመዝነውም በዚህ ነው፤ የሰውን ፍቅር መክፈቻ ቁልፍ አድርጎ መቅረጽ።

እንግዲህ ገብቶ ከተገኘ እንዴት ይወጣል? ማውጣቱ ከማስገባቱ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ከኢንተርኔት መለየት ነው፤ ገመዱን መንቀል፣ ዋይፋዩን ማጥፋት፤ የሚደውልበት መስመር ሲቆረጥ ጌታውና ሎሌው ይለያያሉ። እንደ ጋዜጠኛ፣ እንደ ጠበቃ ሆን ተብሎ የታለመበት ሰው ከሆነ፣ ምንም ከማጥፋቱ በፊት ዲስኩን በባለሙያ እጅ ያስገልብጥ፤ የኪዳኔ ክስ የቆመው ባልጠፋ አሻራ ላይ ነበርና። ቀጥሎ ምርመራው ኮምፒዩተሩ ራሱ ከመነሣቱ በፊት ቢደረግ ይሻላል፤ የተበከለ ኮምፒዩተር ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት አይታመንምና። በዊንዶውስ ላይ ያለው ዲፌንደር ከመስመር ውጭ የሚመረምርበት መንገድ የተሠራው ለዚሁ ነው።

አስተማማኙ መድኃኒት ግን ቤቱን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። ጽሑፍንና ፎቶን ብቻ መርጦ ማውጣት፤ ፕሮግራሞቹን ሁሉ መተው፤ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ፣ ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ በወረደ መጫኛ እንደገና መጫን። ከሱቅ በተገዛ፣ ቁልፉ «የተሰበረ» ቅጂ መልሶ መጫን ሌባውን በአዲስ ልብስ መቀበል ነው። ከዚያም የይለፍ ቃሎችን ሁሉ ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር መለወጥ፣ በየቦታው ተከፍቶ የቀረውን መግቢያ መዝጋት፣ ሁለተኛ ማረጋገጫ መጨመር። በተበከለው ላይ ተቀምጦ የይለፍ ቃል መለወጥ አዲሱን ቁልፍ ለሌባው ማቀበል ነው።

ይህ ሁሉ ቢደረግም ግን አንድ ነገር አይመለስም። ፕሮግራሙ ይወጣል፤ ይዞት የሄደው ቃል አይወጣም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ያ ሰው ከጓደኛው ጋር ያወራው፣ የጓደኛው ስም፣ የጓደኛው ጓደኛ ስልክ፣ ሁሉም ከማያውቁት እጅ ገብቷል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጥርጣሬው ነው። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር ይላል ያገሬ ሰው። ነገር ግን በእያንዳንዱ ጉርሻ ስንጥር የሚፈልግ ሰው ገንፎውን አይበላም፤ ማዕዱም ማዕድ መሆኑ ይቀራል። ስደተኛው የእኅቱን ደብዳቤ መክፈት ከፈራ፣ ሰላዩ ፕሮግራሙ ባይገባም ሥራውን ሠርቷል።

ኬን ቶምሰን የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመ ንግግሩ፣ ሰው ሙሉ በሙሉ ራሱ ያልጻፈውን ፕሮግራም ማመን እንደማይችል በምሳሌ አሳይቷል። ነገሩ እውነት ነው፤ ሆኖም ሁሉን ራሱ ጽፎ የሚኖር ሰው የለም። ማመን የግድ ነው፤ የሚቀረው እንዴት አድርጎ ማመን ነው።

ለዚህ ደግሞ የራሳችን ወግ አይጠፋም። እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል፤ ዘው ብሎ አይገባም። ከውስጥም «ማን ልበል?» ይባላል። ጥያቄው ንቀት አይደለም፤ ጠያቂው ሊቀበል ስለተዘጋጀ ነው የሚጠይቀው። ወንድም ያልጠበቅነውን ፋይል ሲልክልን በስልክ ደውሎ «አንተ ነህ የላክኸው?» ማለት ከዚህ የተለየ አይደለም። ፋይሉ የእርሱ ከሆነ ድምፁን መስማት ትርፍ ነው። የእርሱ ካልሆነም ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይነቃሉ። ፍላሽ ፕሌየር እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ተሰናብቷል፤ ያ ማጥመጃ ዛሬ የለም። የአገር ናፍቆት ግን ገና አለ፤ ነገም በሌላ ስም ይጣራልና፣ ከመክፈታችን በፊት «ማን ልበል?» እንበል።