ጋደም ብዬ የነዳኋቸው

ዋገኒንገን ለሁለተኛ ዲግሪ የሄድኩት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። የኔዘርላንድ ነገር ሲነሳ ሰው ሁሉ አበባዋንና አይቧን ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ነፋሷ ነው። ከከተማዋ በስተደቡብ ከራይን ወንዝ ቅርንጫፎች አንዱ ያልፋል። ውኃው ሲሞላ ሜዳውን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራ የአፈር ግድብ አለ፤ በግድቡ አናት ላይ የብስክሌት መንገድ ይሄዳል። እዚያ ላይ ከምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ የሚሰብር ዛፍም ቤትም እምብዛም የለም። ባሕር ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ። ቁመታችን ኮርቻው ላይ ሳይደርስ ፎኒክስ በሚባለው ብስክሌት ብረት መሐል እግራችንን አሾልከን፣ በሰዓት እየተከራየን ነው ብስክሌት የለመድነው። ካቴና ሲወልቅ በጣታችን እየመለስን፣ ጎማ ሲተነፍስ ጠጋኙ ዘንድ እየገፋን ነው ያደግነው። የዚያ ግድብ ነፋስ ግን ሌላ ነገር ነበር። ደረቴን መሪው ላይ ለጥፌ እረግጣለሁ፣ እረግጣለሁ፤ መንገዱ አልገፋ ይለኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሬነን ከተማ አቅጣጫ እንዲሁ እየታገልኩ ሳለ በግራዬ በኩል አንድ ነገር ዝቅ ብሎ አለፈኝ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ጀርባቸውን አስደግፈው፣ እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ እጃቸውን ከጭናቸው ጎን ወደ ታች ለቀው ይነዳሉ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ትንፋሻቸው አልተቆራረጠም። እኔ አፌን ከፍቼ መልስ ሳልሰጥ እሳቸው ጥምዝማዙን ጨርሰው ከዓይኔ ተሰወሩ። ሰኞ ጠዋት የአፈር ናሙናዬን ይዤ ላብራቶሪ ስገባ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ለካ የክፍላችን ቴክኒሺያን ኖረዋል፤ ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር። ስለ ናሙናው ሳይሆን ስለ ብስክሌቱ ስጠይቃቸው ፊታቸው በራ። «ቅዳሜ ቤት ና፤ አንዱን ትሞክራለህ» አሉኝ። «አንዱን» ማለታቸው ከአንድ በላይ እንዳላቸው ያሳብቅ ነበር።

ጋራዣቸው ውስጥ መኪና የለም። ጋደም ተብሎ የሚነዳ ብስክሌት በየዓይነቱ ተደርድሯል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ፍራንሲስ ፎር የተባለው ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው ቬሎካር ላይ ተንጋሎ። ሞሼ ቀድሞ የሠራው በፔዳል የምትሄድ ባለአራት ጎማ መኪና ነበር፤ ኋላ ባለሁለት ጎማ አደረጋት። ፎር በጊዜው ከሁለተኛው ረድፍ ተወዳዳሪዎች የሚመደብ ነበር። ሆኖም በ1933 ፓሪስ ውስጥ በዚያች ብስክሌት በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከ1914 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የኦስካር ኤግን 44.247 ኪሎ ሜትር አለፈ። በዓመቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር እንዲህ ያለ ብስክሌት ከውድድር ውጭ እንዲሆን ወሰነ። ሞሼም በዚያው በ1934 ሞተ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። ውድድር የሌለው ብስክሌት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች አይሠሩትም፤ ሻምፒዮን ሲጋልበው ያላየ ልጅም አይመኘውም። ያ ሁሉ ብልሃት ለአሥርት ዓመታት በጥቂት ትንንሽ ወርክሾፖች እጅ ብቻ የቀረው በአንድ ስብሰባ ውሳኔ ነው።

ሽማግሌው ነገሩን ሲያስረዱኝ ወረቀት አላወጡም። «ሜዳ ላይ የምትታገለው ከነፋስ ጋር ነው። ፍጥነትህን እጥፍ ልታደርግ ብትፈልግ፣ ነፋሱን ለማሸነፍ ብቻ ስምንት እጥፍ ኃይል ትከፍላለህ» አሉኝ። እንግዲህ እግር ስምንት እጥፍ አይበረታም። የሚቻለው ለነፋሱ የሚሰጡትን ገላ ማሳነስ ነው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ደረቱን በሙሉ ይሰጣል፤ ጋደም ያለው የሚሰጠው የጫማውን ሶልና ጉልበቱን ነው።

መጀመሪያ የሰጡኝ ስትሪት ማሽን የሚባለውን የጀርመን ሥራ ነው። መቀመጫው ከተራ ወንበር ብዙ አይበልጥም። የፊት ጎማው ትንሽ፣ የኋላው ትልቅ ነው፤ ፔዳሉ ከፊት ጎማውም አልፎ በወጣ ግንድ ጫፍ ላይ ተሰክቷል። ሞላ አለው፤ መሪው ከመቀመጫው ሥር ነው። የእሳቸው እግር ከእኔ ስለሚረዝም ከጀርባዬ የስፖንጅ ትራስ ደረቡልኝ። «እግርህን አትመልከት፤ ሩቅ ተመልከት። መሪውንም ጨብጠህ አትያዘው» አሉኝ። አንድ እግር ከፍ ብሎ ፔዳል ላይ፣ ሌላው መሬት ላይ፤ ከዚያ አንድ ጠንካራ ርግጫ። ብስክሌቱ ትንሽ ተንገዳገደና ቀና አለ። እጄ ሥራ እንደሌለው ያወቅሁት ያኔ ነው። በተራ ብስክሌት የገላችን ክብደት ከፊሉ እጅና ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እዚህ ግን ትከሻ ያርፋል፣ አንገት ያርፋል፣ ዓይን ደግሞ አስፋልቱን ትቶ ሰማዩንና ሜዳውን ያያል። ያን ቀን ግድቡ ላይ ዳክዬዎቹን፣ የሚሳቡትን ጀልባዎች፣ ማዶ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት አየሁ። ስመላለስበት በኖርኩት መንገድ ላይ አንዱንም ልብ ብዬ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው ባሮን ነው። የኔዘርላንዱ ኦፕቲማ የሠራው ዝቅተኛ ተወዳዳሪ። መቀመጫው ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም፤ ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይተኛል፤ እጅ በጉልበቶች መካከል አልፎ አጭሩን መሪ ይይዛል። ፍጥነቱ ልብ ይሰርቃል። በተራ የከተማ ብስክሌት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር በምሄድበት ትንፋሽ፣ ስትሪት ማሽኑ ወደ 28 ይወስደኛል፤ ባሮን ደግሞ 33ን ያስነካኛል። ነፋሱ ከፊት በበረታ መጠን ልዩነቱ ይሰፋል። ያ አንገት የሚያስደፋ የምዕራብ ነፋስ ከሆዴ በላይ ሲያልፍ እየሰማሁት ስሄድ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን በሌላ ነገር አላገኘሁትም።

ነገር ግን ባሮን በዝግታ አይገራም። ክብደቱ መሬት አጠገብ ስለሆነ የማይወድቅ ይመስላል፤ ተቃራኒው ነው እውነቱ። ከፍ ያለ ነገር ሲያዘነብል ቀስ ብሎ ነው፤ ዝቅ ያለው ግን ለማረም ጊዜ ሳይሰጥ ያዘነብላል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲቆምና ሲነሳ፣ ጠባብ ጥምዝማዝ ላይ ጎማው ወደ ተረከዝ ሲጠጋ፣ ሹፌሩ በመኪናው በር ከፍታ ላይ ያለውን ጭንቅላቴን ማየት አለማየቱን ስጠራጠር፣ ያ ሁሉ ፍጥነት ተመላሽ ይደረጋል። ከከተማ እስከ ከተማ ሰዓት ይዘን ስናነጻጽር ሽማግሌውና እኔ ደጋግመን ያየነው ይህንን ነው። ቀጥ ባለው ግድብ ላይ ባሮን ጥሎ ይሄዳል፤ አደባባይ፣ የትራፊክ መብራትና የጡብ መንገድ ሲጀምር ስትሪት ማሽኑ ይደርስበታል። ለእኔ ያኔ የተገለጠልኝና እስካሁን የምከራከርለት ነገር ይህ ነው፤ የብስክሌት ፍጥነት የሚለካው ሜዳ ላይ ባስመዘገበው ብቻ አይደለም። ሰውየው ሳይፈራ ሊጠቀምበት የሚችለው ነው ፍጥነቱ። ታዛዥ ያልሆነ ብስክሌት ግማሹን ፍጥነት ለራሱ ደብቆ ያስቀራል።

ፍሌቮባይክ የሚሉትም ነበር። ግንዱ ከመቀመጫው ሥር እንደ በር በማጠፊያ የታጠፈ ነው፤ ፔዳሉ የሚያሽከረክረው የፊት ጎማውን ሲሆን መሪው እግር ነው። በቀኝ ሲረግጡ ወደ አንድ ወገን፣ በግራ ሲረግጡ ወደ ሌላው ይስባል። ሰውነት እስኪያውቀው ድረስ ቀጥ ብሎ መሄድ የለም። ሽማግሌው እጃቸውን አጣምረው በሰላም ሲሄዱበት አይቻለሁ፤ የእኔ እግር ግን ከእሱ ጋር አልተግባባም፤ ብዙም አልዘገየሁበትም።

አብሮኝ የሚማር የሐረማያ መምህር ነበር። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ጋሼ ነው የምለው። ስለ ብስክሌቶቹ ባወራሁለት ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ጤነኛ ሰው ተኝቶ ይነዳል እንዴ?» ይለኛል። በልጅነቱ ብስክሌት አልለመደም፤ በጉልምስና መማሩም አሳፍሮታል። ለእሱ ሽማግሌው ያወጡለት ኮርንዎል ውስጥ የተሠራችውን ትራይስ ነው። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ። ቁጭ ማለት ብቻ ነው፤ ሚዛን የሚባል ነገር አይጠየቅም። ፍጥነቷ ከስትሪት ማሽኑ ያንሳል፤ ሦስተኛው ጎማና ክብደቷ ዋጋ ያስከፍላሉ። በፍጥነት ሲታጠፉ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘንበል ካላሉ የውስጠኛው ጎማ ከመሬት ይነሳል። ዳገት ላይ ግን የምትተካከላት የለችም። ከዋገኒንገን ወደ ምሥራቅ ስንወጣ ያለችው አቀበት ለእኛ አገር ሰው ተረተር እንኳ አትባልም፤ ጋደም ላለ ነጂ ግን ዳገት ዳገት ነው። ከኮርቻ ተነስቶ በክብደት መርገጥ ስለማይቻል ሥራው ሁሉ የእግር ነው። ባለሁለት ጎማው ሲዘገይ መንገዳገድ ይጀምራል፤ ትራይስ ግን በእግረኛ ፍጥነት፣ ከፈለጉም ቆማ አርፋ ትወጣለች። ጋሼ በዚያች ዳገት ወጥቶ፣ ማዶ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ ወርዶ፣ እንደገና ወጣ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እግሩ ጉልበት ነፋስ ፊቱን የመታው ያን ቀን ነው። እየሳቀ ሲወርድ ማየቴ ለእኔ ከማንኛውም የፍጥነት ቁጥር በላይ ነው። እስኪመሽ አልመለሳትም።

ክዌስትን የነዳሁት ከሽማግሌው ጋር በመኪናቸው ድሮንተን ሄደን ነው። ያ ምድር እስከ 1957 ድረስ የውኃ ወለል ነበር፤ ግድብ ገድበው፣ ውኃውን ቀድተው አውጥተው ነው እርሻ ያደረጉት። የአፈር ተማሪ ስለነበርኩ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ነው የሄድኩት፤ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ለጥ ያለ፣ መንገዱ በገመድ የተለካ፣ ነፋሱ የሚጋልብበት ሜዳ። ክዌስት ተብሎ ይሸጥ የነበረው ቬሎሞቢል ያኔ እዚያው ድሮንተን ነበር የሚሠራው። ሰውየውን ከነእግሩ የሚሸፍን ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ቅርፊት ነው። ከላይ ጭንቅላት ብቻ ይወጣል። ከፊት ሁለት፣ ከኋላ አንድ ጎማ አለው፤ ሰንሰለቱ ዝናብም ጭቃም አይነካውም፤ መሪው በሁለቱ ጭኖች መሐል የቆመ ዱላ ነው። ከ30 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሲነሳ ይከብዳል፤ የመጀመሪያዎቹ ርግጫዎች ተስፋ ያስቆርጣሉ። ከዚያ ቁጥሩ መውጣት ይጀምራል። 25፣ 30፣ 35፤ በሌላው ብስክሌት የሚያቆመው ግድግዳ የለም። ያው ትንፋሽ፣ ያው እግር፤ 40 ላይ ደርሼ ከሽማግሌው ጋር ተራ በተራ ስለፈተንነው መንገድ አስብ ነበር። ትንሽ ስገፋው 45 አለፈ። ሰንሰለቱና ጎማው ቅርፊቱ ውስጥ ስለሚያስተጋቡ ጩኸቱ ብዙ ነው፤ ለወሬ አይመችም።

አያያዙስ? ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሁለት ጣት ይመራል። የጎን ነፋስ በድንገት ሲመታው ግን ጎኑ ሰፊ ስለሆነ ገፋ ያደርገዋል፤ ዱላውን ሳይደነግጡ መያዝ ያስፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ ቅርፊቱ ውስጥ ስለተሸሸጉ ብዙ አይታጠፉም። መንደር ውስጥ ጠባብ መታጠፊያ ሲገጥመኝ ቆሜ፣ በሥር ባለው ቀዳዳ እግሬን አውርጄ፣ መሬቱን እየገፋሁ ወደ ኋላ መመለስ ነበረብኝ። ለዚያ ሜዳ የተሠራ ነገር ነው፤ በዚያ ሜዳም ወደር የለውም። ከዓመታት በኋላ፣ በ2013፣ የዴልፍትና የአምስተርዳም ተማሪዎች በሠሩት ሙሉ ሽፍን ብስክሌት ሴባስቲያን ቦዊር ኔቫዳ በረሃ ላይ በሰዓት 133.78 ኪሎ ሜትር መሄዱን ስሰማ አልገረመኝም። በ2016 ደግሞ ካናዳዊው ቶድ ራይከርት 144.17 አደረሰው። ሞተር የለም፤ ያው የሰው እግር ነው። ፎር ፎቶግራፉ ላይ የጀመረው ነገር የት ሊደርስ ይችል እንደነበር የሚያሳይ ነው።

ከድሮንተን ስንመለስ ሽማግሌው በመኪናቸው ውስጥ «የትኛውን ትመርጣለህ?» ብለው ጠየቁኝ። በየቀኑ የምሄደው ላብራቶሪ፣ ገበያና ጓደኞቼ ቤት ነው፤ የምወደው መንገድ ደግሞ ግድቡም ጫካውም አቀበቱም ያለበት ነው። ስትሪት ማሽኑን አልኳቸው። እሳቸው በክዌስት ተሸንፈው ነበር፤ ጡረታቸውን በዚያ ሊያሳልፉ አስበዋል። «የእኔ ጉልበት እየቀነሰ ነው፤ ያለኝን ለነፋስ መስጠት አልፈልግም። አንተ ገና ነህ፤ መንገዱን ማወቅ አለብህ። እንግዲያው ውሰደው» አሉኝ። ዋጋ ስጠይቃቸው ከተማ ውስጥ አንድ አሮጌ የከተማ ብስክሌት ከሚሸጥበት ብዙ ያልበለጠ ገንዘብ ጠሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ተገናኝተን የፔዳሉን ግንድ ወደ ውስጥ ገፋን፣ ከሰንሰለቱ ትርፉን ቆረጥን፤ የስፖንጁን ትራስም ከጀርባዬ አወጣን።